ልጆችን በተሳቢ መጎተት፦ ፔዳሉ በማያርፍ ብስክሌት

ደብረ ብርሃን ላይ «ተሳቢ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በደሴ መስመር የሚያልፈውን የጭነት መኪና ነው። ከብስክሌት ኋላ ተያይዞ አንድ ወይም ሁለት ሕፃናት የሚቀመጡበት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ግን ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ይዞት ካልገባ በቀር እምብዛም አይታይም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ተሳቢ በእጃቸው ገብቶ፣ ብስክሌታቸው ግን ቋሚ ማርሽ ያለው ለሆነባቸው ወላጆች የተዘጋጀ ነው።

በቋሚ ማርሽ ብስክሌት የኋላው ማርሽ ከጎማው እምብርት ጋር ስለታሰረ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ ቁልቁለት ላይ እግርን አሳርፎ መንሸራተት የሚባል ነገር የለም። ዳገት ላይ ሸክም የሚከብደው በማንኛውም ብስክሌት ነው። በዚህኛው ግን ያው ሸክም ቁልቁለት ላይ በፔዳሉ በኩል ዞሮ ወደ ጉልበት ይመለሳል። ተሳቢው 12 ኪሎ፣ ሁለቱ ልጆች 28 ኪሎ ቢሆኑ በጠቅላላው 40 ኪሎ ይሆናል፤ መንገዱ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚወርድ ከሆነ ይህ ጭነት ብቻውን 2 ኪሎ በሚያህል ኃይል ያለማቋረጥ ከኋላ ይገፋል። የአሽከርካሪውና የብስክሌቱ ክብደት ሲጨመርበት ደግሞ ግፊቱ ከ6 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ ዝግጅቱን ከመውጣት አስቀድሞ ከመውረድና ከመቆም መጀመር ይገባል።

በመጀመሪያ የማርሹ ልክ ይስተካከል። ለከተማ ሩጫ የሚመረጠው 46 ጥርስ በፊት፣ 16 ጥርስ በኋላ የሆነው አደራደር ተሳቢ ለመጎተት ከባድ ነው። በተለይ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ በማይሞላበት ቦታ፣ ከቆመበት ማስነሣቱ ራሱ ያስለከልካል። 42 በ18 ቢደረግ አንድ ዙር ፔዳል በተለመደው ትልቅ ጎማ ወደ 4.9 ሜትር ያስኬዳል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲኬድ እግር በደቂቃ 51 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ፍጥነቱ ወደ 30 ካለፈ ግን ዙሩ ከ100 በላይ ይሆናል። ይህ ጉድለት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እንደ ጥቅም እቆጥረዋለሁ፤ ልጅ ተጭኖ በዚያ ፍጥነት መሄድ ስለማይገባ፣ እግር «ይበቃል» የሚልበት ልክ ዝቅ ማለቱ መልካም ነው።

ቀጥሎ የኋላው ጎማ እምብርት ይታይ። ማርሹ በቀኝ ዞሮ የሚጠብቅ በመሆኑ እግር ወደ ኋላ ሲገታው ለመፈታት ይሞክራል፤ ከዚያ የሚከለክለው በላዩ የሚታሰረውና በተቃራኒው፣ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቀው መቆለፊያ ቀለበት ነው። ተሳቢው ይህን ግፊት ስለሚያበዛው ቀለበት በሌለው ወይም ማርሹ በሙጫ ብቻ በተያዘ እምብርት ልጅ መጎተት ፈጽሞ አይገባም። ሰንሰለቱም በሁለቱ ማርሾች መካከል በጣት ሲነካ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ልቅነት ይኑረው። ልኩ የሚወሰደው ፔዳሉን በቀስታ እያዞሩ ሰንሰለቱ ይበልጥ የሚወጠርበትን ቦታ ካገኙ በኋላ ነው። በሌላ ብስክሌት የወለቀ ሰንሰለት እጅ ያቆሽሻል፤ በዚህኛው ተቀርቅሮ የኋላውን ጎማ በድንገት ሊያስር ይችላል።

የተሳቢው ማያያዣ የሚታሰረው ብዙውን ጊዜ በኋላ ጎማ ዘንግ በግራ በኩል፣ ከሹካው ውጭ፣ በዳዶው ሥር ነው። ማያያዣው ውፍረት ስለሚጨምር የዘንጉ ጫፍ የዳዶውን ሙሉ ውፍረት ዘልቆ መታየቱን ያረጋግጡ፤ ካልዘለቀ ረዘም ያለ ዘንግ ማስገባት እንጂ ዳዶውን በጥቂት ዙር ይዞ መሄድ አይቻልም። የቋሚ ማርሽ ጎማ ሰንሰለቱ እንዲወጠር በስንጥቁ ውስጥ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተት በመሆኑ፣ አስቀድመው የቀኙን ዳዶ በባለ 15 ቁልፍ አጥብቀው፣ ጎማው በሹካው መካከል ቀጥ ማለቱን አይተው፣ በመጨረሻ የግራውን ከነማያያዣው ይሰሩ። ተሳቢው ይህንኑ ጎን ሲጎተት ወደ ኋላ፣ ሲቆም ወደ ፊት ስለሚገፋው የሰንሰለት መወጠሪያ ብሎን ቢጨመርበት ጎማው ከቦታው አይነቃነቅም። ከማያያዣው ጋር የሚመጣው የመጠባበቂያ ቀበቶ በብስክሌቱ አካል ዙሪያ ሳይጠመጠም ጉዞ አይጀመር።

በያጅ ቤት ተሠርቶ ቀጥ ባለ ብረት የሚያያዝ ተሳቢ እህል ወይም ጀሪካን ይሸከም እንጂ ልጅ አይጫንበት። ጥሩ ማያያዣ በሁሉም አቅጣጫ የሚተጣጠፍ በመሆኑ ብስክሌቱ ቢወድቅ እንኳ ተሳቢው በሁለት ጎማው ቆሞ ይቀራል፤ ግትር ብረት ግን አብሮ ይገለብጠዋል።

ፍሬንን በተመለከተ ክርክር የለኝም፦ ሁለት ይሁን፣ የፊትና የኋላ። ቋሚ ማርሽ የለመዱ ወጣቶች የኋላውን ጎማ በእግር አስረው እያንሸራተቱ መቆም ይወዳሉ። ተሳቢ ሲኖር ግን የኋላ ጭነት እየገፋ ሳለ ጎማው ከታሰረ ብስክሌቱ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ተሳቢውም ይጠመዘዛል። ፍጥነትን በእግር እየገቱ፣ መቆምን ለሁለቱ ፍሬኖች መተውና ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ መያዝ ይገባል። በክረምት ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬኑ ውኃውን እስኪጠርግ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ባዶ ናቸው፤ ቀደም ብሎ በስሱ መንካት ያስፈልጋል።

ልጁን በተመለከተ፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ያልሞላ ወይም ሄልሜት አድርጎ አንገቱን አጽንቶ መቀመጥ የማይችል አይጫን። ሁለቱን ትከሻ፣ ሁለቱን ዳሌና መሐሉን የሚይዘው ቀበቶ ሁልጊዜ ይታሰር። አምራቹ የጻፈው የክብደት ልክ ልጆቹንና ዕቃውን በአንድነት የሚቆጥር መሆኑም አይዘንጋ።

ሲነሡ አንድ ችግር ይገጥማል። ቋሚ ማርሽ የሚነዳ ሰው ፔዳሉን ወደሚፈልገው ቦታ ለማምጣት የኋላውን ጎማ በእጁ ብድግ አድርጎ ያዞራል፤ ተሳቢ ሲታሰር ይህ ልጆቹን ያናውጣል። ስለዚህ ከመቆምዎ በፊት በመጨረሻው ዙር አንደኛው ፔዳል ከላይ ትንሽ ወደ ፊት አለፍ ብሎ እንዲቆም ይልመዱ፤ ካልሆነም ብስክሌቱን ጥቂት ወደ ፊት ይግፉ። ወደ ኋላ መግፋት ተሳቢውን ስለሚያጥፈው አይመከርም። ኩርባ ላይ ፔዳሉ መዞሩን ስለማያቆም ብስክሌቱን ካዘነበሉት መሬት ሊነካ ይችላል፤ ስለዚህ ቀዝቀዝ ብለው፣ የተሳቢው የውስጥ ጎማ ከእርስዎ ይልቅ ወደ ጠርዙ እንደሚጠጋ እያሰቡ፣ ሰፋ አድርገው ይዙሩ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታን ሁለቱም የተሳቢው ጎማዎች እኩል እንዲወጡት ቀጥ ብለው ይለፉ። ውሻ ሲያባርርም እግርን ሰቅሎ ማምለጥ የለም፤ ቀዝቀዝ ብሎ መሄድ፣ ካስፈለገም ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል ማድረግ ይሻላል።

በእኛ አገር ብርድ ላይ ስለ ልብስ የሚነገረው ብዙ ነው። ነጂው ላብ ሲያጠምቀው ልጆቹ ተቀምጠው ነፋስ ይመታቸዋል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የውርጭ ወራት በእርስዎ ሙቀት የእነርሱን አይለኩ፤ በየጊዜው ቆመው እጃቸውንና እግራቸውን ይዳስሱ። ጋቢ ማልበስ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጠርዙ ከቀበቶው በታች ተጣጥፎ ይግባ። አንድ ጊዜ የልጄ ጋቢ ዘርፍ በተሳቢው ጎማ ሽቦዎች ላይ ተጠምጥሞ ግማሽ ሰዓት በመቀስ ስፈታ ቆይቻለሁ፤ ቀስ ብዬ እሄድ ስለነበር ብቻ ጉዳት አልደረሰም። የነጂው ጋቢማ ጨርሶ ቤት ይቅር። ይህ ሰንሰለት ጨርቅ ሲይዝ እግር ስላቆመ አይቆምም፤ የሱሪም እግር እንዲሁ ይታሰር።

መንገድ ሲመረጥ የሚታየው ርዝመቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ደጋ ሜዳ፣ በገብስና በስንዴው ማሳ መካከል የሚያልፉት ጎዳናዎች፣ ለዚህ ብስክሌት የሚስማሙ ናቸው። ዋናው የአስፋልት መንገድ ግን ከባድ መኪና ስለሚበዛበት በማለዳ እንኳ ቢሆን ከልጅ ጋር አይመረጥም፤ ጉም ሲወርድም ከኋላ ቀይ መብራትና ከፍ ያለ ደማቅ ባንዲራ ያለው ተሳቢ እንኳ ቤቱ ቢውል ይሻላል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ በቋሚ ማርሽና በተሳቢ መውረድ በየትኛውም ዝግጅት አይፈቀድ። እምብርቱ በአንድ ወገን ቋሚ፣ በሌላው ነፃ ማርሽ (ፔዳሉ ሳይዞር የሚያንሸራትት) የሚያስር ቢሆንና ጎማው ተፈትቶ በነፃው ወገን ቢታሰር እንኳ ፍሬኑ ያን ሁሉ ርዝመት እየተያዘ ይግላል። እዚያ ለሚሄድ ሰው ያለው መንገድ ተሳቢውን አጣጥፎ፣ ብስክሌቱን ከሚኒባሱ ጣራ ላይ አስጭኖ፣ ልጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ መውረድ ነው።