የሱፐር ቦውል ኳርተርባኮችን መዝገብ እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

በአሜሪካን ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታዎች የተሰለፉ ኳርተርባኮችን (የቡድኑን ጥቃት የሚመሩና ኳሱን የሚያቀብሉ ተጫዋቾችን) ለማነጻጸር፣ አስቀድሞ የትኛው ፍጻሜ እንደሚቆጠር መወሰን ያስፈልጋል። የዛሬው የፍጻሜ ጨዋታ፣ ማለትም ሱፐር ቦውል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1967 ሲሆን፣ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካን ፉትቦል ዋናው ሊግ) ግን ሻምፒዮኑን በፍጻሜ ጨዋታ መለየት የጀመረው በ1933 ነው። ሱፐር ቦውልን ብቻ የሚቆጥር ሰው ጆኒ ዩናይተስ በ1958 ባልቲሞር ኮልትስን መርቶ ኒውዮርክ ጃያንትስን በተጨማሪ ሰዓት 23 ለ 17 ያሸነፈበትን ጨዋታ ከመዝገቡ ያወጣዋል።

ዓመቶቹንም በአንድ መንገድ ይጻፉ። ጨዋታው የሚካሄደው የውድድር ዘመኑ ከተጀመረበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ፔይተን ማኒንግ ከዴንቨር ብሮንኮስ ጋር ያነሣው ዋንጫ አንድ ቦታ በ2015፣ ሌላ ቦታ በ2016 ተመዝግቦ ይገኛል።

ቀጥሎ ጨዋታውን የጀመረውንና ተቀይሮ የገባውን ይለዩ፤ ድልም ሆነ ሽንፈት በልማድ የሚጻፈው በጀማሪው ስም ነውና። በጃንዋሪ 1969 ኮልትስ በኒውዮርክ ጄትስ 16 ለ 7 ሲሸነፍ የጀመረው ኧርል ሞራል፣ ተቀይሮ የገባው ዩናይተስ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ዩናይተስ ጀምሮ በጉዳት ሲወጣ ሞራል ተተክቶ ቡድኑ ዳላስ ካውቦይስን 16 ለ 13 ረታ። በዚህ አቆጣጠር ሽንፈቱ ለሞራል፣ ድሉ ለዩናይተስ ደረሰ፤ ሞራል በዚህ ቢከፋው የሚፈረድበት አይመስለኝም።

ከዚያ ወደ ቁጥሮቹ ይለፉ፤ ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ነው። ማኒንግ በ2016 ያቀበለው ለ141 ያርድ ብቻ፣ ያለ አንድም የተችዳውን (ኳሱን በተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል አድርሶ ነጥብ የማስቆጠር) ቅብብል ሲሆን፣ የብሮንኮስ የመከላከል ክፍል ካሮላይና ፓንተርስን በ10 ነጥብ ስለገታለት አሸነፈ። ቶም ብሬዲ በ2018 ለ505 ያርድና ለሦስት ተችዳውን አቀብሎ በፊላደልፊያ ኢግልስ 41 ለ 33 ተሸነፈ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውጤት አጠገብ ተጋጣሚው ያስቆጠረውን ነጥብ ይጻፉ። ከኳርተርባኩ ቅብብሎች ተሰልቶ የሚሰጠውና ከፍተኛው 158.3 የሆነው የአቀባይነት ነጥብም ጠቃሚ ቢሆንም፣ ኳርተርባኩ ራሱ ሮጦ የሠራውን አያካትትም፤ ጄለን ኸርትስ በ2023 በካንሳስ ሲቲ ቺፍስ 38 ለ 35 ሲሸነፍ ሮጦ ያስቆጠራቸው ሦስት ተችዳውኖችም፣ ከእጁ አምልጣ ለተጋጣሚው ተችዳውን የሆነችው ኳስም በዚያ ነጥብ ውስጥ የሉም።

ዘመኑንም ከግምት ማስገባት ግድ ነው። በ1978 የወጣው ደንብ ተከላካዮች ከአምስት ያርድ ባሻገር ተቀባዮችን እንዳይገፉ በመከልከሉ፣ የቅብብል ጨዋታ ቀለለ። ፒትስበርግ ስቲለርስን ለአራት ዋንጫ ያበቃው ቴሪ ብራድሾ በ1975ቱ ፍጻሜ ለ96 ያርድ፣ በ1979ኙ ለ318 ያርድ አቀበለ። የቡድኑ አጨዋወትም ተለውጦ ስለነበር ልዩነቱን ሁሉ ለደንቡ መስጠት አይገባም፤ ሆኖም ከ1978 በፊት የተጫወቱትን በኋለኞቹ ያርድ መመዘን ፍትሐዊ አይደለም።

በመጨረሻ ለተሸናፊዎች ተገቢውን ቦታ ይስጡ። ጆ ሞንታና አራት ጊዜ ደርሶ አራቱንም አሸንፏል፤ ብሬዲ ከአሥር ሰባቱን። ሞንታና ፍጻሜው ሳይደርስ የቀረባቸው ዓመታት በሱፐር ቦውል መዝገብ እንደ ሽንፈት ስለማይቆጠሩ፣ ሦስቱን የብሬዲ ሽንፈቶች እንደ ጉድለት ማየት ወደ ፍጻሜ መድረስን መቅጣት ይሆናል። ጂም ኬሊ ቡፋሎ ቢልስን በተከታታይ ለአራት ፍጻሜዎች አድርሶ አራቱንም ቢያጣም፣ የመጀመሪያው 20 ለ 19 ያለቀው በማብቂያው ላይ ከ47 ያርድ የተመታችው ኳስ ከግቡ ውጭ ስለወጣች ነው፤ መቺው ደግሞ እሱ አልነበረም። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ የኮንፈረንስ (አሸናፊዎቻቸው በሱፐር ቦውል የሚገናኙት የሊጉ ሁለት ምድቦች) ፍጻሜ ድሎችን የሚያሳይ አንድ ዓምድ ይጨምሩ፤ በዚያ ዓምድ ኬሊ ከሞንታና እኩል አራት ይኖረዋል።