ለግራፊክስ ካርድ ተጨማሪ ማራገቢያ እንዴት ይገጠማል?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯም ስስ ነው። የክፍሉ ሙቀት እኩል ሆኖ እንኳ አንድ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ጋር ሲነጻጸር በክብደት ከ20 እስከ 25 በመቶ ያንሳል። ከካርዱ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ይኸው አየር ነው። ስለዚህ ውጭ አገር በተሠራ ቪዲዮ ላይ አንድ ካርድ 68 ዲግሪ ላይ ተረጋግቶ ቢያዩ ያንኑ ቁጥር እዚህ አይጠብቁ። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላሉ ሰዎች አየሩ ወፈር ይላል፤ ነገር ግን ራሱ ሞቆ ስለሚገባ ችግሩ በሌላ በኩል ይመጣል።

ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ወይም ከባድ ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ተጨማሪ ማራገቢያ መግጠም ቅንጦት አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ማራገቢያ ገዝቶ ካርዱ አጠገብ ያስርና ለውጥ ሲያጣ ይገረማል። አየሩ ሂትሲንክ በተባለው የካርዱ ሙቀት አውጪ ብረት ክንፎች መካከል እንዲያልፍ ካልተገደደ ትርፉ ጩኸት ብቻ ነው። ሥራው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሳይለኩ ካቻቪቴ አያንሱ

የካርዱን ሙቀት ከሚያሳዩት ነጻ ፕሮግራሞች ጂፒዩ ዜድን ወይም ኤችደብሊው ኢንፎን ይጫኑ። ከዚያም ዘወትር የሚሠሩትን ከባድ ሥራ ለ20 ደቂቃ ያህል ያስኪዱ። ፈርማርክን የመሰሉ ካርድ አስጨናቂ ፕሮግራሞችን ለዚህ አልመርጥም፤ በዕለት ሥራ የማይገጥም ጫና ስለሚፈጥሩ ውጤታቸው ያሳስታል። ብሌንደር በተባለው ፕሮግራም አንድ ምስል ማሠራት ወይም የለመዱትን ጨዋታ መክፈት ይበልጣል። የቺፑን ሙቀት፣ ሆትስፖት የሚባለውን ከሁሉ የሞቀውን ነጥብ፣ የማስታወሻ ቺፖቹን ሙቀት፣ የማራገቢያውን ፍጥነትና የክፍሉን ሙቀት በወረቀት ይጻፉ።

ቀጥሎ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) የጎን ክዳን ከፍተው ያንኑ ሥራ ይድገሙ። ሙቀቱ በግልጽ ከወረደ ጥፋቱ የካርዱ ሳይሆን የኬዙ ነው፤ ትኩስ አየር ውስጥ ታፍኖ እየተሽከረከረ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ካርዱን መንካት አያስፈልግም። ከፊት ወይም ከታች አየር የሚያስገባ አንድ ማራገቢያ፣ ከኋላ ደግሞ የሚያስወጣ አንድ መግጠም ይበቃል። ይህ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን አድካሚ ሥራ ሁሉ ያስቀርልዎታል።

በቺፑና በሆትስፖቱ መካከል ያለውን ልዩነትም ያስተውሉ። ጤነኛ ካርድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ነው። 30 ዲግሪ ከደረሰ በቺፑና በሂትሲንኩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ደርቋል ወይም ሂትሲንኩ በደንብ አልተጫነም። ሙቀቱ ወደ ክንፎቹ ሳይደርስ ክንፎቹን ማራገብ ፋይዳ የለውም፤ ፔስቱን መቀየር ይቀድማል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ የሚካሄደውን «ማዕድን ማውጣት» (በኮምፒውተር ስሌት ገንዘቡን ማግኘት) በአውሮፓውያኑ 2022 ካቆመ በኋላ ለዓመታት ያለ ዕረፍት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በገፍ ወደ ገበያ ወጥተዋል። ያገለገለ ካርድ የገዛ ሰው ፔስቱንም የማራገቢያዎቹንም ጤና ይጠርጥር።

የትኛው ማራገቢያ?

መጀመሪያ ቦታ ይለኩ። በማዘርቦርድ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው የአንድ ካርድ መቀመጫ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የተለመደው ማራገቢያ ውፍረት 25 ሚሊ ሜትር ነው። ከካርዱ በታች ያለው ቦታ ጠባብ ከሆነ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቀጭኑን ይፈልጉ። ማራገቢያው ከተገጠመ በኋላም ከሥሩ አየር የሚስብበት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት።

ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ካርድ ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያዎችን ይይዛል፤ ለአጭር ካርድ ባለ 92 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ብዙ አየር ያራግባል ተብሎ ከሚሸጠው ይልቅ አየር በግፊት የሚያስገባውን ይምረጡ፤ የጠበበ ክንፍ መሃል የሚያልፈው እሱ ነው። ካርዱ አግድም ስለሚተኛ ማራገቢያውም ተኝቶ ይሠራል፤ በተራ ቡሽ የሚዞሩት ርካሽ ማራገቢያዎች በዚህ አቀማመጥ ቶሎ ያልቃሉ። በኩሽኔታ ወይም በፈሳሽ የሚዞረውን መግዛት፣ ዋጋው ከፍ ቢልም ያዋጣል። ባለ አራት ገመድ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ። በመብራት ያሸበረቁትን ደግሞ እዚያው ሱቁ ላይ ይተዋቸው፤ ዋጋው ወደ መብራቱ ሄዷል።

ሽፋኑን ማውለቅና ማሰር

በፋብሪካው ማራገቢያ ላይ ሌላ ማራገቢያ መደረብ ብዙዎች የሚሞክሩት አቋራጭ ነው። አይጠቅምም። ሁለቱ ይሻማሉ እንጂ አይተጋገዙም። የሚሠራው መንገድ የፋብሪካውን የፕላስቲክ ሽፋን ከነማራገቢያዎቹ አውልቆ አዲሶቹን በቀጥታ በሂትሲንኩ ላይ ማሰር ነው። ዋስትናው ያላለቀ ካርድ ከሆነ ግን ይህን አያድርጉ፤ ዋስትናውን ሊያጡ ይችላሉ።

ኮምፒውተሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ የኬዙን ብረት በእጅዎ ይንኩና ካርዱን ያውጡ። አቧራውን በብሩሽና በአየር ያጽዱ፤ አየር ሲነፉ የማራገቢያውን ምላጭ በጣት ይያዙት፤ በነፋስ ኃይል ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ካርዱ ሊልክ ይችላል። ከዚያ የሽፋኑን ብሎኖች ይፍቱ። በካርዱ ጀርባ፣ ቺፑ ባለበት ዙሪያ ያሉት ስፕሪንግ ያላቸው አራት ብሎኖች ሂትሲንኩን የያዙ ናቸውና አይንኳቸው። አንዳንድ ካርድ ላይ ሽፋኑ ሂትሲንኩ ካልተነሳ አይወጣም፤ እንዲህ ከሆነ አዲስ ፔስት አስቀድመው ያዘጋጁ፤ በማስታወሻ ቺፖቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ንጣፎችም ሳይቀደዱ ወደ ነበሩበት ይመልሱ። ሽፋኑ ሲላቀቅ በኃይል አይሳቡት፤ የማራገቢያው ትንሽ ሶኬት ከሥሩ ተሰክቶ ይገኛል። ሶኬቱን በገመዱ ሳይሆን በጥፍርዎ ይዘው ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያውጡት።

አዲሱ ማራገቢያ አየር ወደ ክንፎቹ መንፋት አለበት። በፍሬሙ ጎን ያለው ቀስት አቅጣጫውን ያሳያል፤ ቀስት ከሌለው የሞተሩ መያዣ እግሮች በሚታዩበት በኩል ይነፋል። በማራገቢያው የብሎን ቀዳዳዎች በኩል ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አሳልፈው ከሂትሲንኩ ጋር ይሰሩት። ማሰሪያው የካርዱን ሰሌዳ ተጭኖ እንዳያጎብጠው፣ በሰሌዳው ላይ ባሉት ጥቃቅን ክፍሎችም እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ትርፉን ከሥሩ ይቁረጡት፤ የቀረች ጫፍ ምላጩን እየነካች ሌሊቱን ሙሉ ትጮሃለች።

አሁን በማራገቢያውና በክንፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይዝጉ። ቀጭን የስፖንጅ ቁራጭ ወይም ሙቀት የሚችል ፕላስተር ዙሪያውን ቢጠቀልሉበት አየሩ በጎን ከማምለጥ ይልቅ ወደ ክንፎቹ ይገባል። ይህን ለማየት ገመዱ ከተሰካ በኋላ ማራገቢያው ሲዞር አንድ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ጠርዙ ላይ ያስጠጉ፤ ወደ ውጭ የሚርገበገብበት ቦታ አየር የሚያመልጥበት ነው። ከክንፎቹ ማዶ ሲያስጠጉት ከተርገበገበ ሥራው ተሳክቷል። አብዛኛው ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ ስስ አየር ባለበት ከተማ ግን ከሚገባው ላይ ምንም የሚባክን ሊኖር አይገባም።

ገመዱ የት ይሰካ?

ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ምርጫ አለ።

የመጀመሪያው በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ማገናኘት ነው። በባለ አራት ቀዳዳው ትልቅ ሶኬት ላይ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች ደግሞ የኤሌክትሪኩ መመለሻ (ግራውንድ) ናቸው። ከ12 ቮልቱ ጋር ሲገናኝ ማራገቢያው ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል። ለካርዱ ምንም ስጋት የለውም፤ ለጆሮ ግን አድካሚ ነው።

ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ነው። አንድ የማራገቢያ ሶኬት ብዙ ጊዜ የሚችለው 1 አምፔር ነው፤ ለሁለት ማራገቢያ በቂ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ማዘርቦርዱ በአብዛኛው የሚከተለው የፕሮሰሰሩን ሙቀት እንጂ የግራፊክስ ካርዱን አይደለም። አንድ ሰው ሌሊት ምስል ሲያሠራ ፕሮሰሰሩ ቀዝቅዞ ካርዱ ብቻ ይግላል፤ ማራገቢያዎቹም የሚያዩት ፕሮሰሰሩን ስለሆነ ዝግ ብለው ይዞራሉ። የፋብሪካው ማራገቢያ ተነቅሎ በዚህ መንገድ የተሰካ ካርድ ከመጀመሪያው የባሰ ይግላል። መፍትሔው ፋን ኮንትሮል የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭኖ ያንን ሶኬት በግራፊክስ ካርዱ ሙቀት እንዲመራ ማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ማዘዝ አይረሳ። ዊንዶውስ ሳይነሳ ወይም ፕሮግራሙ ቆሞ ቢገኝ እንኳ ማራገቢያው እንዳይቆም በባዮስ (በማዘርቦርዱ የራሱ ቅንብር) ውስጥ ዝቅተኛውን ፍጥነት 50 በመቶ አካባቢ ያድርጉት።

ሦስተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ የካርዱን የራሱን ሶኬት መጠቀም ነው። ካርዱ ሙቀቱን ራሱ ስለሚያውቅ ማራገቢያውንም ራሱ ያዛል፤ ፕሮግራም አያስፈልግም። የካርዱ ሶኬት ከተለመደው ያነሰ ስለሆነ መቀየሪያ ገመድ ያስፈልጋል። በተነቀሉት የፋብሪካ ማራገቢያዎች ላይ የተለጠፈውን የአምፔር ቁጥር ይደምሩ፤ የአዲሶቹ ድምር ከዚያ መብለጥ የለበትም። ሁለቱን አንዱን ገመድ ለሁለት በሚከፍል መክፈያ ሲያገናኙ ፍጥነቱን የሚናገረው ሦስተኛው ገመድ ከአንዱ ብቻ መመለስ አለበት፤ ደኅና መክፈያ በአንዱ ጫፍ ላይ ይህችን እግር ባዶ አድርጎ ይሠራል።

የመቀየሪያ ገመዱን በዓይን ብቻ አይመኑት። በተለመደው ማራገቢያ ላይ ቅደም ተከተሉ መመለሻ፣ 12 ቮልት፣ የፍጥነት ንባብ፣ ትዕዛዝ ነው፤ በካርዶች ላይ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል፤ እግሮቹ አራት ያልሆኑበትም አለ። አንድ ወዳጄ ይዞልኝ የመጣው ካርድ ሥዕሉ ምንም አልጎደለም፤ ማራገቢያ ግን ከዚያ በኋላ አልዞረበትም። የተሰካበት ገመድ ቅደም ተከተሉ የተዛባ ነበርና 12 ቮልቱ ወደ ትዕዛዙ መስመር ገብቶ መቆጣጠሪያውን አቃጥሎታል። ይህን ለማስቀረት ቴስተር ይያዙ። ካርዱ ከኮምፒውተሩ ውጭ እንዳለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በካርዱ የብረት ጠርዝ ላይ፣ ሌላውን በሶኬቱ እግሮች ላይ ተራ በተራ ያድርጉ፤ የሚጮኸው እግር መመለሻው ነው። ያ እግር በመቀየሪያው በኩል ከማራገቢያው ጥቁር ገመድ ጋር ካልተገናኘ ገመዱን አይጠቀሙበት። የቀሩትንም ከተነቀለው የፋብሪካ ማራገቢያ ገመዶች ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ርግጠኛ ካልሆኑ ወደ ሁለተኛው ምርጫ ይመለሱ፤ ውጤቱ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው።

እንደገና መለካት

ካርዱን መልሰው ይግጠሙ፤ ገመዶቹን ከምላጭ ያርቁ። ኮምፒውተሩን ክዳኑ እንደተከፈተ አስነስተው ሁለቱም መዞራቸውን በዓይንዎ ይዩ። ብዙ ካርዶች ሳይሞቁ ማራገቢያቸውን አያስነሱም፤ ስለዚህ ቆሞ ቢያዩት ወዲያው አይደንግጡ፤ ሥራ ሰጥተው 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይመልከቱ። ያኔም ካልተነሳ ወዲያውኑ ያጥፉት።

ከዚያ ክዳኑን ዘግተው መጀመሪያ የሠሩትን ሥራ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ የክፍል ሙቀት ይድገሙና በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ያነጻጽሩ። ቺፑ ቀዝቅዞ የማስታወሻው ሙቀት ከጨመረ አንዱ ንጣፍ ከቦታው ተንሸራቷል፤ ሂትሲንኩን አንስቶ ማየት ግድ ነው። ሁለቱም ከወረዱ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይቀንሱት። ብዙ ጊዜ ሁለት ትልልቅ ማራገቢያዎች በግማሽ ፍጥነት እየዞሩ የፋብሪካው ትንንሾች በሙሉ ጩኸት የሚያደርጉትን ያደርጋሉ። አየር በሚገባበት በኩል ወንፊት ያድርጉ፤ በበጋ ወራት በየሁለት ሳምንቱ፣ በክረምት ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ያራግፉት።