ከአስቤዛ በፊት ጓዳችሁን እዩ፦ ቤት እያበሰሉ የምግብ ወጪን የመቀነስ ዘዴ

ስለ ቁጠባ ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ርካሽ ዕቃ ፍለጋ ነው። እኔ ግን ሳበስል የታዘብኩት፣ ብዙው ገንዘብ የሚባክነው ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ እንደሆነ ነው። ፍሪጅ ጥግ የሻገተ ቲማቲም፣ ተረስቶ የነቀዘ ጥራጥሬ፣ ደክሞን ስንገባ የሚበላ አጥተን ከውጭ የገዛነው ራት። ስለዚህ ሥራውን ከቤት እንጀምር።

1. ለሁለት ሳምንት ጻፉ

ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ። በአንዱ ለምግብ ያወጣችሁትን፣ በሌላው የጣላችሁትን መዝግቡ። ሁለተኛው ዓምድ ነው የሚያስተምረው። እኔን ያስደነገጠኝ የሰላጣ ቅጠል ነበር፤ በየሳምንቱ እየገዛሁ ግማሹን እጥል ነበር። አሁን በግማሽ ቀንሼ እገዛለሁ፣ የጎደለብኝም ነገር የለም።

2. ያለውን አይታችሁ አቅዱ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ጓዳውንና ፍሪጁን ክፈቱ። ቶሎ የሚበላሸው ምንድን ነው? የሳምንቱ የመጀመሪያ ምግብ ከእሱ ይሠራ። ለሰባቱም ቀን አታቅዱ፤ አራት ወይም አምስት ምግብ ይበቃል፣ ቀሪውን ቀን የተረፈው ይሸፍነዋል። ቅጠላ ቅጠል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበላ፤ ካሮት፣ ድንችና ጥቅል ጎመን ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ይቆዩ።

3. የጎደለውን ብቻ ግዙ

ዝርዝር ይዛችሁ፣ በልታችሁ ሂዱ። ዋጋ ስታወዳድሩ የኪሎውን ሒሳብ አስሉ እንጂ የማሸጊያውን ትልቅነት አትዩ። ትልቁ ጥቅል የሚያዋጣው ሳይበላሽ ከጨረሳችሁት ብቻ ነው።

4. አንድ ትልቅ ድስት ጥራጥሬ ጣዱ

ከሁሉም በላይ ወጪ የሚቀንሰው ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ማታ 500 ግራም ደረቅ ቦሎቄ በሰፊ ትሪ ዘርግፋችሁ ጠጠሩንና የነቀዘውን ልቀሙ። አጥባችሁ ሦስት እጥፍ በሚሆን ውኃ ዘፍዝፉት። ሲያድር ያብጣል።

ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውኃ ድፉትና በአዲስ ውኃ ጣዱት። ከፈላ በኋላ ለ30 ደቂቃ በኃይል ይፍላ። ይህን አደራ አትዝለሉት፤ በተለይ ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ተፈጥሯዊ መርዝ አለው፣ በለሰለሰ እሳት ብቻ ማብሰልም አያጠፋውም። ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ በቀስታ ይንተክተክ። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ቦሎቄ ደግሞ አልበስል ብሎ ያስቸግራል። ፕሬዠር ድስት ካላችሁ ሰዓቱም ነዳጁም በጣም ይቀንሳል። መድረሱን የምታውቁት አንዱን ፍሬ በምላስና በላንቃችሁ መካከል ስትጫኑት ያለ ጥርስ ሲፈርስ ነው። ቲማቲምና ሎሚ ከበሰለ በኋላ ይግቡ፤ ጎምዛዛ ነገር ቀድሞ ከገባ ልጣጩ አይለሰልስም።

ያ 500 ግራም አሁን ከ1 ኪሎ በላይ ሆኗል። ቀዩ ሽንኩርት ቡናማ እስኪሆን ታግሳችሁ አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ጨምሩ፣ የቦሎቄውን ሲሶ አግቡበትና ከሩዝ ጋር አቅርቡ። በማግስቱ ሌላውን ሲሶ ከነመረቁ፣ ከካሮትና ከድንች ጋር ሾርባ አድርጉት። የቀረውን በዘይትና በሎሚ ፈጭታችሁ ዳቦ ላይ ቀቡት። እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ «ትናንት የበላነው ነው» ብሎ ፊቱን አያዞርም። የተረፈ ምግብ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ስለሚሰለች ነውና ጣዕሙን መቀያየር ራሱ ቁጠባ ነው።

ጊዜ የሌለው ሰው ከተከካ ቀይ ምስር ይጀምር፤ መዘፍዘፍ አያሻውም፣ 20 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል።

5. የተረፈውን በሥርዓት አስቀምጡ

የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ስታስቀምጡት ቶሎ ይቀዘቅዛል። 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በላይ የምታቆዩትን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ሩዝ ላይ ግን ጥብቅ ሁኑ፦ ውጭ ከዋለ በሩዝ ላይ የሚራባ ባክቴሪያ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ ያ መርዝ ደግሞ ዳግም በማሞቅ አይጠፋም። ዕቃው ላይ የምግቡን ስምና ቀኑን ጻፉ፤ ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ነው።

ድንችና ሽንኩርት ለየብቻ፣ ደረቅና ነፋሻማ ቦታ ይቀመጡ። ድንች ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ ያን ክፍል በጥልቀት ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ሙሉው አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከመረረ አትብሉት።

6. ከሚቀጥለው አስቤዛ በፊት ፍሪጁን አራግፉ

የግማሽ ካሮት፣ የሁለት ቲማቲም፣ የጠወለገ ቅጠል ቀን ይኑራችሁ። የሻገተውን ለዩና ሌላውን ደቃቅ አድርጋችሁ ክተፉ፤ በሽንኩርትና በዘይት አቁላልታችሁ እንቁላል ስበሩበት። ድስቱ ሳይወርድ ደብተሩን አምጡና በእውነት ያለቀውን ብቻ ለቀጣዩ ሳምንት ጻፉ።