ብሩ በእናታችሁ ስም ይግባ

ከውጭ ሆነን ለቤተሰብ ብር ስንልክ የለመድነው መንገድ አለ። ለወንድም ወይም ለአክስት ልጅ እንልካለን። እሱ ባንክ ተሰልፎ ያወጣና ያደርስላቸዋል። ብዙዎቹ ታማኝ ልጆች ናቸው፣ ይመስገኑ። እናታችሁ ግን በገዛ ገንዘባቸው የሰው እጅ ያያሉ። ይኼ ዛሬ የግድ አይደለም።

በስልክ ገንዘብ መላኪያና መቀበያ የሆነው የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015። ባንክ ቤት ረግጠው የማያውቁ ሰዎች አሁን በስልካቸው ይቀበላሉ፣ ይከፍላሉ። ከውጭ የተላከ ሐዋላም ቴሌብር ላይ ይገባል። ስማርት ስልክ ባይኖራቸውም ችግር የለም፤ በተራ ስልክ *127# ብሎ መጠቀም ይቻላል። ጥሬ ብር ሲያስፈልጋቸው ሰፈር ካለ ወኪል ያወጣሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? ብዙዎቻችን ስንወጣ የራሳችንን ሲም ለእናታችን ትተን ነው የሄድነው። እሳቸው ዓመታት ይደውሉበታል፣ ምዝገባው ግን በእኛ ስም ነው። ስልኩ ቢጠፋ ሲሙን ለማስተካት ባለቤቱ ይፈለጋል፤ ባለቤቱ ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ነው። በሲሙ ላይ ያለው ብርም አብሮ ይንጠለጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ በራሳቸው መታወቂያ በስማቸው ሲም ይውጣላቸው።

የፋይዳ (የዲጂታል ብሔራዊ መታወቂያ) ምዝገባም አይዘግይ፤ ባንኮች ሒሳብ ለመክፈት እየጠየቁት ነው። አሻራና የዓይን ብሌን ስለሚነሳ በአካል መገኘት አለባቸው። ምዝገባው በነፃ ነው። እግራቸው የሚያማቸው ከሆነ የሚወስዳቸውን ሰው አሁኑኑ አመቻቹ።

በጥቁር ገበያ መላክ የለመዳችሁ፣ ሒሳቡን እንደገና ሥሩት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። የባንኩን ዋጋና የላኪውን ድርጅት ክፍያ ደምራችሁ አወዳድሩ። በሕጋዊ መንገድ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ አለው፤ ቢጠፋ የምትጠይቁት አካል አለ።

በ2014 ዓ.ም. ቴሌብርና ዳሽን ባንክ የጀመሩት «መላ» የሚባል ብድርም አለ። ቤትና መኪና አስይዙ አይልም፤ የሚያየው በስልኩ የሚዘዋወረውን ገንዘብ ነው። ጉሊት ለምትሸጥ እህት ትልቅ ነገር ነው። የእሷ ገንዘብ በወንድሟ ስልክ ሲያልፍ ግን ታሪኩ የሚመዘገበው ለእሱ ነው። ብድር ስለሆነ ክፍያ አለው፣ የመመለሻ ቀኑም ቅርብ ነው፤ ይኼን ሳታውቅ እንዳትገባበት ንገሯት።

የሚስጥር ቁጥሩን እናታችሁ ራሳቸው ይምረጡት፣ ራሳቸው ይያዙት። የልደት ዓመታቸው ወይም 1234 አይሁን። ወኪሉ «ልንካልዎት» ቢላቸው ቁጥሩን አይስጡ። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚል ሰው ከደወለ ወዲያው ይዝጉት። ይኼን በስልክ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። መጀመሪያ ትንሽ ብር ላኩና ራሳቸው ያውጡት። የገባውን መልእክት ያንብቡላችሁ፣ ማንበብ ካስቸገራቸው የልጅ ልጅ አጠገባቸው ሆኖ ያንብብላቸው። ሁለት ሦስቴ ከተሳካላቸው በኋላ ዋናውን ገንዘብ በዚያው መላክ ትችላላችሁ።