የልጃችሁን ቤኔፊት የሚያስቀሩ የባልና ሚስት ስህተቶች

እኛ ሐበሾች ስለ ልጃችን ስንጠየቅ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው «ተመስገን፣ ደህና ነው» ነው። ለጎረቤት ይሁን። ብሪታንያ ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ድጎማ በሚሞላው የዲኤልኤ ፎርም ላይ ግን ይህ መልስ ገንዘብ ያስቀራል።

ዲኤልኤ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ላለ አካል ጉዳተኛ ልጅ የሚከፈል ነው። (ስኮትላንድ ስሙም መሥሪያ ቤቱም ይለያል።) ዋናው ጥያቄ የበሽታው ስም ሳይሆን ልጁ ከእኩዮቹ ምን ያህል የበለጠ እርዳታና ጥበቃ እንደሚፈልግ ነው። ምርመራው ገና ያላለቀ ልጅም ማመልከት ይችላል። ስለዚህ «ሲበላ እናግዘዋለን» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ማን ያጎርሰዋል? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሌሊት ስንቴ ትነሳላችሁ? እናት ከመልመዷ የተነሳ እንደ ሥራ የማትቆጥረው አለ፤ በር መቆለፍ፣ ልብስ ደጋግሞ መቀየር፣ መንገድ ላይ እጁን ለአፍታ አለመልቀቅ። አንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙና ከዚያ ጻፉ። ክፉውን ቀን መጻፍ ማጋነን አይደለም፤ ልጅን ማሳጣትም አይደለም።

«ባለቤቴ ስለሚሠራ አይሰጡንም» ብሎ መተውም አለ። ዲኤልኤ ደመወዝም ቁጠባም አያይም።

ፎርሙን ከኢንተርኔት አውርዶ ማቆየትም ያስከስራል። ለመሥሪያ ቤቱ ደውላችሁ ካስላካችሁና በ6 ሳምንት ውስጥ ከመለሳችሁ የሚቆጠረው ከደወላችሁበት ቀን ነው። ያወረዳችሁት ግን እጃቸው ከገባበት ቀን ነው።

አሁን ወደሚያጨቃጭቀው፦ ኬረርስ አላውንስ (ልጁን ለሚንከባከበው ሰው የሚከፈለው) በማን ስም ይሁን? ሁለታችሁም ብትለፉ ለአንድ ልጅ የሚከፈለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ብዙ ቤት ወረቀት የሚሞላው ባል ስለሆነ በራሱ ስም ይልከዋል። ደመወዙ ጣሪያውን ያልፋል፤ አለቀ። አመልካቹ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት መንከባከብ አለበት። ልጁም የዲኤልኤውን የእንክብካቤ ክፍል በመካከለኛ ወይም በከፍተኛ እርከን ማግኘት አለበት። የአመልካቹ ገቢ ታክስና መሰል ነገሮች ከተቀነሱ በኋላ ከሳምንታዊው ጣሪያ ማለፍ የለበትም። ጣሪያው ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 196 ፓውንድ ነበር፤ በየኤፕሪሉ ስለሚከለስ የዘንድሮውን እዩ። የትዳር ጓደኛ ደመወዝ እዚህ አይቆጠርም። ጣሪያው ግን ምሕረት የለውም፤ በአንድ ፓውንድ ብታልፉ የዚያ ሳምንት ክፍያ በሙሉ ይቀራል። ኦቨርታይም ሠርታችሁ ዝም ካላችሁ ቆይቶ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ሁለት እንዲህ ያሉ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ አባት ለአንዱ፣ እናት ለሌላው ማመልከት ትችላላችሁ።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጎማ) ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ማመልከቻው የጋራ ነው፤ የሁለታችሁም ገቢ ይታያል። ኬረርስ አላውንስ ካገኛችሁ ያው ከዚህ ይቀነሳል። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ብለው የሚተዉ አሉ። የሚረሱት ዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ላይ ለተንከባካቢ የሚታከለውን የኬረር ጭማሪ ነው። በደመወዝ ምክንያት ኬረርስ አላውንስ የተከለከለ ሰው እንኳ ሊጠይቀው ይችላል፤ የራሱ የገቢ ጣሪያ የለውም። ዲኤልኤ ሲፈቀድም የአካል ጉዳተኛ ልጅ ጭማሪ አለ። ጆርናሉ (የዩኒቨርሳል ክሬዲት የኢንተርኔት መጻጻፊያ ገጻችሁ) ላይ በዚያው ቀን ጻፉት። መሥሪያ ቤቶቹ ተነጋግረው ያስተካክሉታል ብላችሁ አትቀመጡ።

ቪዛችሁ ላይ ከመንግሥት ድጎማ የሚከለክል ቃል ካለ ሦስቱንም ይመለከታል። ፎርም ከመላካችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ አማካሪ ጠይቁ።

ዲኤልኤው ውድቅ ቢሆን ወይም ዝቅተኛ እርከን ቢሰጧችሁ፣ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ለመጠየቅ ያላችሁ ጊዜ 1 ወር ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን እንጂ ፖስታውን ከከፈታችሁበት ቀን አይደለም።