በሩን አትቆልፉ፤ የሱስና የድብርት ሕክምና የት ይጀመር?

ወንድሜ መጠጥ ሲያቆም በሩን ከውጭ የቆለፍኩበት እኔ ነኝ። የረዳሁት መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት የውኃ ብርጭቆ ወደ አፉ ማድረስ አቃተው፤ በሦስተኛው ከግድግዳው ላይ የሌለ ጉንዳን ይለቅም ጀመር። «እትዬ፣ አስወጪልኝ» ሲለኝ ነው ወደ ሐኪም ቤት የሮጥነው።

ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊነሳ ይችላል፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ሕይወት የሚቀጥፍ መቃዠት። ሐኪም ማረጋጊያ ይሰጥና በየቀኑ መጠኑን ይቀንሳል፤ ቲያሚን የተባለውን ቫይታሚን ቢ1ም ይጨምራል። የጭንቀት ወይም የእንቅልፍ ክኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደም እንዲሁ በድንገት አያቁም።

ወንድሜ በስድስተኛው ቀን ፊቱ ፈክቶ ተመለሰ፤ እኛም ዳነ አልን። ወር ሳይሞላው ጠጣ። ሰውነቱ ጸዳ እንጂ ሕክምናው ገና አልተጀመረም ነበር። ድብርትም ነበረበት፤ መጠጡን ከመልመዱ በፊት ጀምሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እየነቃ ጣሪያ ሲያይ ያነጋ ነበር። አንዱ ሐኪም «መጀመሪያ መጠጡን ይተው» አለን፤ ሌላው «መጀመሪያ ድብርቱ ይታከም»። እኛ መሐል ላይ ቀረን። ስለዚህ ወደ ሕክምና ቦታ ስትደውሉ ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ሱሱንና ድብርቱን በአንድ ላይ ታክማላችሁ?

ሩቅና የተዘጋ ማገገሚያ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውን አልቀበልም። ከዚህ በፊት ሲያቆም የሚጥል መንቀጥቀጥ የነበረበት፣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለው፣ ወይም ቤቱ ሁሉም የሚጠጣበት ከሆነ ተኝቶ ይታከም፤ ለብዙዎች ግን ተመላላሽ ሕክምና ይበቃል። ራስን ስለማጥፋት በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም።

መድኃኒትና የንግግር ሕክምና እርስ በርስ አይጣሉም። የአእምሮ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያዝዛል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው አምሮቱ የሚነሳበትን ሰዓትና ስሜት ከታካሚው ጋር እየፈለገ ሌላ መውጫ ያለማምደዋል። ናልትሬክሶን የተባለው መድኃኒት የመጠጥ አምሮትን ይቀንሳል። መጠጥ ለማስተው የሚሰጠው ዲሰልፊራም ግን መጠጥ ከተጨመረበት ክፉኛ ያሳምማል፤ በምግብ ውስጥ ደብቃችሁ እንዳትሰጡ! የድብርት መድኃኒት እስኪሠራ ሳምንታት ይወስዳል። ወንድሜ በአሥረኛው ቀን «ጥቅም የለውም» ብሎ ሊጥለው ሲል ያቆየሁት ይህን ስለማውቅ ነው። የሄሮይን ሱስ ላለበት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ «ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚላችሁን አትስሙ፤ ሞትን ይቀንሳሉ። ሄሮይን የለመደ ሰው ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ ወደ ድሮው መጠን ከተመለሰ ሊሞት እንደሚችልም እወቁ።

ሲያገረሽበት በዚያው ቀን ለሐኪሙ ደውሉ። እኔ ሁለተኛው ጊዜ ላይ አልጮኽኩም፤ ደብተር ላይ ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ የጠጣውን መጠን፣ የዘለለውን ክኒን፣ የተኛበትን ሰዓት። ሐኪሙ ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ «ከዚህ እንጀምር» አለ።