ለኤጲስ ቆጶስነት አባት ለመጠቆም ምን እንጻፍ፣ ለማንስ እንስጥ

ጳጳሳት ሊመረጡ ነው የተባለ ቀን ወሬው አይጣል ነው፤ እገሌ ገብተዋል አሉ፣ እገሌ ወድቀዋል፣ ያኛው ዘመድ አላቸው ምናምን። ጥቆማ ስጡ ሲባል ግን አንድ ገጽ ጽፎ የሚያመጣ ሰው በመቅረዝ ተፈልጎ አይገኝም፣ እኔ ሰበካ ጉባኤ (የአጥቢያው አስተዳደር) ውስጥ ሁለት ዙር ስላገለገልኩ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ስለዚ እንዴት እንደሚደረግ ለማታውቁት ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስን የሚመርጠው የጳጳሳቱ ጉባኤ፣ ቅዱስ ሲኖዶስ ነው፣ ምእመን ኮሮጆ ውስጥ ድምፅ አይጨምርም። ብዙ ሰው ከፓትርያርክ ምርጫ ጋር ያምታታዋል፤ የካቲት 21 ቀን 2005 ዓ.ም. አቡነ ማትያስ ሲመረጡ ድምፅ የሰጡት 806 ሲሆኑ ከጳጳሳቱ ሌላ የገዳማት፣ የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ተወካዮችም ነበሩበት፣ እሳቸውም 500 ድምፅ አገኙ። የኤጲስ ቆጶስ ግን እንደዛ አይደለም። የኛ ድርሻ ሁለት ጫፍ ላይ ነው ያለው፦ መጀመሪያ ጥቆማና ምስክርነት፣ መጨረሻ ላይ ሲሾሙ «ይደልዎ» (ይገባዋል) ማለት። መሀሉ የአባቶች ነው። እና እውነቱን ለመናገር ይደልዎ ስንል በደንብ እንጮሃለን፣ የመጀመሪያውን ነው የምንዘለው፤ ሳይመሰክሩ ይገባዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አይገባኝም።

ጊዜው መቼ ነው? ሲኖዶሱ በዓመት ሁለቴ በመደበኛነት ይሰበሰባል፣ ጥቅምት 12 እና ከትንሣኤ በ25ኛው ቀን በርክበ ካህናት። ይመረጥ የሚለው ውሳኔ ብዙውን ጊዜ ከነዚህ ስብሰባዎች ነው የሚወጣው፣ ከዛ በኋላ አስመራጭ ይሰየማል፣ ነገሩም ቶሎ ያልቃል። በ2015 ዓ.ም. ለምሳሌ ውሳኔው በግንቦት ወጥቶ ዘጠኙ ኤጲስ ቆጶሳት ሐምሌ 9 ተሾሙ፣ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ማለት ነው። ስለዚህ የጥቆማ ጥሪው ሲወጣ ነው መረጃ መሰብሰብ የምጀምረው ካላችሁ አልቆላችኋል፣ የምታውቋቸው ደግ አባት ካሉ ከአሁኑ ማስታወሻ ያዙ።

ማንን ነው የምንጠቁመው ለሚለው፣ መነኩሴ መሆን አለባቸው፣ ይሄ አያከራክርም። ባለትዳር ቄስ ምንም ቢሰብኩ ምንም ቢወደዱ በዚህ በኩል አይታሰብም። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የአገልግሎት ዘመን ምናምን የሚለው ከጥሪው ጋር ይወጣል፣ እሱን ሳታነቡ አትጻፉ። ዲድስቅልያ (የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ) ላይ ያለውን ግን እወደዋለሁ፦ ኤጲስ ቆጶስ ሲሾም ዕድሜው ከ50 ባያንስ ይላል፣ በዛ ዕድሜ ካልተገኘ ግን ወጣትም ቢሆን አብረውት የኖሩት ሰዎች ከመሰከሩለት ይሾም ይላል። አያችሁ፣ የአብሮ አደሩ ምስክርነት የዕድሜን ጉድለት ሳይቀር ይሞላል ማለት ነው። ጥቆማ ማለት ይሄው ነው፣ ምስክርነት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የኔን ጥፋት ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ስጠቁም ሙሉ ገጽ ጻፍኩ፣ ትሑት ናቸው፣ ደግ ናቸው፣ ድምፃቸው ሲቀድሱ ልብ ይነካል፣ ሕዝቡ ይወዳቸዋል... ወረቀቱን የተቀበሉኝ አንድ ሽማግሌ አባት አንብበው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ለማንም ይሆናል፣ ስሙን ብትቀይረው ማን ያውቃል?» አሉኝ። ደነገጥኩ፣ ግን ልክ ናቸው።

ስለዚህ ቅጽል ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ። ሙሉ ስማቸውንና ማዕረጋቸውን፣ የት ገዳም ማን ዘንድ እንደመነኮሱ፣ አሁን ምን ላይ እንዳሉ። ከትምህርት ደግሞ ተምረዋል ብቻ አይበቃም፣ ዜማ ነው ቅኔ ነው አቋቋም ነው ትርጓሜ መጻሕፍት ነው፣ ከማን ነው የተማሩት፣ አስመስክረዋል ወይ (ማለትም መምህራቸው ትምህርቱን መጨረሳቸውን መስክረውላቸዋል ወይ)፣ ወንበር ተክለው አስተምረዋል ወይ፣ ዘመናዊም ካላቸው ከየት። ከዛ በኋላ ዋናው፦ አንድ ሁለት የምታውቁት ድርጊት። ለምሳሌ ደብሩን ሲያስተዳድሩ ሒሳብ በየጊዜው ለሕዝብ ያስነብቡ ከነበር እሱ ከአስር ትሑት ናቸው ይበልጣል። የተጣላ አስታርቀው ከሆነ፣ ሙዳየ ምጽዋት ሲቆጠር እሳቸው ከሩቅ ይቆሙ ከነበር፣ የአብነት ተማሪ ያለቀለብ እንዳይበተን ለፍተው ከሆነ፣ ይሄን ከነቦታውና ከነዓመተ ምሕረቱ። እናንተ እንዴት እንደምታውቋቸውም ግለጹ፣ ስንት ዓመት፣ በምን። ዘመድ ከሆናችሁም አትደብቁ።

ቋንቋም ጻፉ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በጥር 2015 ከሲኖዶሱ ውጭ የተደረገው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ያመጣውን መከራ ሁላችንም አይተናል፣ ያኔ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው የሚያስተምረው አባት ይኑረው የሚል ነበር፣ በሐምሌም የተሾሙት ለኦሮሚያና ለደቡብ አህጉረ ስብከት ነው። የምትጠቁሟቸው አባት አፋን ኦሮሞ ወይ ወላይትኛ ወይ ሲዳምኛ የሚሰብኩ ከሆነ በግልጽ አስቀምጡት፣ «ይችላሉ» ሳይሆን «በዚህ ቋንቋ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ» ብላችሁ። ውጭ አገር ያላችሁም እንደዛው፣ እዛ የተወለዱት ልጆች አማርኛ ስብከት ሲሰሙ ስልካቸውን ነው የሚነካኩት፣ በእንግሊዝኛ ማስረዳት የሚችል አባት ካወቃችሁ ጻፉ።

ያያችሁትን ጉድለትም ብትጽፉ ክፋት የለውም፣ ጤናቸው ደከም ያለ ከሆነ ወይ ቁጡ ከሆኑ። አስመራጩ አባት መልአክ አይፈልግም። ከባድ ክስ ከሆነ ግን፣ ገንዘብ ወይ ሃይማኖት ነክ ነገር፣ እሱ የተቃውሞ አቤቱታ ነው፣ ለብቻው በስማችሁ ፈርማችሁ ማስረጃውን አያይዛችሁ ስጡ፤ ስም የሌለው ወረቀት በር ስር መወርወር ሐሜት ነው።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፣ የፊርማ ዘመቻ። ቅዳሴ ወጥተን ጸበል ስንጠጣ ወረቀት ይዞራል፣ ፈርሙ ፈርሙ ይባላል፣ እኔም አንዴ አይቻቸው ለማላውቃቸው አባት ፈርሜያለሁ፣ ይሉኝታ ነው እንግዲህ። መቶ የማያውቅ ሰው ከሚፈርም ሦስት የሚያውቅ ሰው ለየብቻው ቢጽፍ ይሻላል። ቴሌግራም ላይ ፎቷቸውን እየለጠፉ ሼር አድርጉ ማለትም ለሳቸው ጉዳት ነው፣ ራሳቸው ያሰማሩት ነው የሚመስለው። ሹመት ሲመጣ ጫካ ይገቡ የነበሩ መነኮሳትን ታሪክ እየሰማን አድገን አሁን ቅስቀሳ ጀመርን።

ወረቀቱን የት እንስጥ? ጥሪው ቦታ ከጠቀሰ እዛው። ካልጠቀሰ መንገዱ የታወቀ ነው፣ በሰበካ ጉባኤያችሁ በኩል ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዛ ሀገረ ስብከት፣ ከዛ መንበረ ፓትርያርክ ጠቅላይ ቤተ ክህነት። ሰበካ ጉባኤው ቢያደናቅፍባችሁ ሀገረ ስብከቱ መዝገብ ቤት ራሳችሁ ሂዱ። ቀን፣ ስም፣ ክርስትና ስም፣ አጥቢያ፣ ስልክ፣ ፊርማ ይኑረው፣ ሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱ ላይ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ማኅተም ሳታስመቱ እንዳትወጡ፣ «ነገ ተመለስ» ቢሏችሁም እዛው ቁጭ በሉ። ለአባ ደግሞ እንደጠቆማችኋቸው አትንገሯቸው።